ለማያይ ሰው ንገር

ሰውየውን ከሊፍቱ ጉድጓድ ሲያወጡት አንድ ጫማው ከእግሩ ወልቆ ነበር፤ ቢጫው ማዳመጫ ግን ከጆሮው አልወለቀም። የሕንፃው ሰው ሁሉ ደረጃው ላይ ተደርድሮ ቁልቁል ያያል። እህቱ ሹራቧን አውልቃ «ወንድምጋሼን ሸፍኑልኝ፣ ብርድ አይወድም» ትላለች። የሚቀበላት አልነበረም፤ ፖሊሶቹ መርማሪዋ እስክትደርስ ምንም እንዳይነካ ብለው ነበርና።

እናቱ ያወጣችለትን ስም በዚያ ሕንፃ ውስጥ የሚያውቅ ጥቂት ነው። ሁሉም የሚጠራው «ጋሽ ቀላሉ» ብሎ ነበር። አራተኛው ፎቅ ላይ ከሸሪኩ ጋር ድረ ገጽ ይሠራ ነበር። ድሮ ገጽ ያሠራ ሰው ስልክ ቁጥሩን እንኳ ለመለወጥ ወደ ባለሙያው መመላለስ ነበረበት፤ ኮድ የሚባለውን ቋንቋ አያውቅማ። ጋሽ ቀላሉ ይህን አይቶ «ሰሌዳ» ያለውን መሣሪያ ሠራ። ሰሌዳ ላይ ኮድ የለም። የሚታየውን ቃል ነክቶ ማጥፋት፣ ሌላ መጻፍ፣ ከዚያ «አትም» የሚለውን መጫን ብቻ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ልብስ ሰፊው፣ ጥርስ ሐኪሟ፣ መኪና ጠጋኙ ሁሉም በየተራ ከጎኑ ተቀምጠው ተምረዋል። «እኔ ይሄ አይገባኝም» ለሚለው ሁሉ መልሱ አንድ ነበር፤ «ቀላል ነው።» ስሙም በዚያው ቀረ።

መርማሪዋ አጭርና ዝምተኛ ሴት ነበረች። ሌሎች መርማሪዎች ሲመጡ ሰው መጠየቅ ይቀድማቸዋል። እሷ ግን መጀመሪያ ሬሳውን፣ ቀጥሎ የሟቹን ወንበር ነው የምትፈልገው። አስከሬኑ አጠገብ ተንበርክካ ኮሌታውን ገለጥ አደረገች። ከውስጥ በኩል፣ በማይታይ ቦታ፣ በሐምራዊ ክር የተሠሩ ሁለት ትንንሽ ቋጠሮዎች ነበሩ። ለምንም የሚያገለግሉ አይመስሉም። ኮሌታውን መልሳ አስተካከለችለት።

የፖሊሶቹ አለቃ የሆነው ሻለቃ ነገሩን ጨርሶት ነበር የጠበቃት። ሊፍቱ አሮጌ ነው፤ በሩ በእጅ ይከፈታል። ረፋድ ላይ ተበላሸ። የሊፍት ጠጋኙ መጥቶ የአራተኛውን ፎቅ በር መቆለፊያ ፈታና ሊያሠራው ይዞት ሄደ። የሊፍቱ ሳጥን ታች ቆሞ ስለነበር ያን በር ከፍቶ የሚገባ ሰው የሚረግጠው አየር ነው። በሩ ላይ መከለያ ማድረግ የዘበኛው ሥራ ነበር፤ አላደረገም። እህትየው በዓይኗ አይታለች፣ መከለያ አልነበረም። ክሱ በዘበኛው ስም ሊጻፍ ነው።

ዘበኛው በሁለት ፖሊሶች መሃል አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ እንደ ዕቃ ያገላብጠዋል።

«አባባ፣ መከለያ አድርገዋል?» አለችው መርማሪዋ።

«ልጄ፣ በየፎቁ ወንበር ነው ያቆምኩት። አራተኛው ላይ ከሟቹ እህት የማስተማሪያ ክፍል አንድ ወንበር ለምኜ፣ በሩ ላይ አገድሜ፣ ቀይ ላስቲክ አስሬበታለሁ። አሁን ወንበር አላየሁም ትላለች። ሽማግሌ ነኝ፤ ግን ወንበር በሕልሜ አላስርም።»

«ማስታወቂያስ?»

እሱንም አውጥቷል። በየፎቁ ከሊፍቱ በር ጎን የሕንፃውን ገጽ የምታሳይ ትንሽ ስክሪን አለች። ዘበኛው በሰሌዳ ይጽፍባታል፤ ያስተማረችው የጋሽ ቀላሉ እህት ናት። ጣቱ ፊደል ላይ ስለማይፈጥን ግን አይጽፍም፤ «ሊፍቱ ተበላሽቷል» የሚል ቀይ ሥዕል አስቀምጧል፣ ሲያስፈልግ እሱን ይለጥፋል። አሁንም ስክሪኖቹ ሁሉ ቀይ ናቸው። ሰውየው ያንን ቀይ እንዴት አላይም እንዳለ ለዘበኛው አልገባውም።

«ይቅር ይበለኝና» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ከኩራቱ ይሆናል። በየጠዋቱ ራሴን ዝቅ አድርጌ ሰላም ስለው ግድግዳ እንዳየ ነው የሚያልፈኝ። ለሁሉም ቀላል፣ ለእኔ ከባድ ነበር።»

መርማሪዋ ይህን ሰምታ በደረጃው ወደ ላይ ወጣች።

የጋሽ ቀላሉ ክፍል መጋረጃው ተዘግቶ ጨለም ብሎ ነበር። መብራቱን ለማብራት ብትጫን አልበራም። አምፖሉ ተቃጥሎ ጠቁሯል፤ በላዩም ሸረሪት ድሯን ዘርግታ ኑሮዋን ይዛለች። ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ፊት ለፊቷ ያለው የኮምፒውተር ስክሪን በአቧራ ከመሸፈኑ የተነሳ በጣት ሊጻፍበት ይችላል። የፊደል ገበታው ግን ንጹሕ ነው፤ አንዳንዱ ፊደል ላይ የደረቀ ሙጫ ጠብታ አለ። ዓይኗን ጨፈነች። እጇን ዘረጋች። ጠብታዎቹ ጣቶቿን እንደ መሪ ይዘው የት እንዳሉ ነገሯት። በቀኝ በኩል ብርጭቆው ሁልጊዜ የሚቀመጥበት ክብ ምልክት፣ በግራ በኩል የወረቀት ክምር።

ክምሩን ዓይኗን ገልጣ አየችው። በሸሪኩ እጅ የተሣሉ የገጽ ንድፎች ናቸው፤ በእያንዳንዱ ጥግ «የትኛው ይሻላል?» ይላል። የላይኛው አዲስ ነው፣ የታችኛው ጠርዙ ቢጫ ሆኗል። አንዱም አልተነካም። ከበሩ ጀርባ ቅያሪ ሸሚዝ ተሰቅሏል፤ ኮሌታው ውስጥ አንድ ሐምራዊ ቋጠሮ ነበረ። ያደረገው ሸሚዝ ሰማያዊ ነበር፣ ሁለት ቋጠሮ። ይኼኛው ነጭ ነው፣ አንድ።

«ሰውየው ዓይነ ስውር ነበር» አለችው ሻለቃውን።

ሻለቃው ሳቀ። «እመቤት፣ ድረ ገጽ ሠሪ እኮ ነው። ስክሪን ነው ሥራው።»

«ሥራው ፊደል መምታት ነው። የሚያነብለት ሌላ ነበር። ስልኩን አምጣልኝ።»

የስልኩ መስታወት ደቅቆ ስለነበር ፖሊሶቹ ሞቷል ብለው በፌስታል አኑረውት ነበር። መርማሪዋ ቢጫውን ማዳመጫ በራሷ ጆሮ ሰክታ በተሰነጣጠቀው መስታወት ላይ ጣቷን አንሸራተተች። ከጥልቅ እንደሚመጣ ቀጭን የሴት ድምፅ፣ ጣቷ ያረፈበትን ሁሉ ማንበብ ጀመረ። የተከፈተው የሕንፃው ገጽ ነበር። በስንጥቁ መሃል ቀዩን ሥዕል ታያለች፤ «ሊፍቱ ተበላሽቷል» ይላል። ጣቷን ሥዕሉ ላይ አደረገች። ድምፁ «ሊፍቱ ተጠግኗል። እንደ ወትሮው ተጠቀሙ» አላት።

ዓይኗ አንድ ነገር፣ ጆሮዋ ሌላ ነገር ነገራት። ደጋግማ ሞከረችው።

በኮሪደሩ ስክሪን የምታየውን ገጽ በራሷ ስልክ ከፍታ ብታዳምጠው ግን «ሊፍቱ ተበላሽቷል፣ በደረጃ ተጠቀሙ» አለ። የሟቹ ስልክ ከመውደቁ በፊት የከፈተውን ይዞ ቀርቷል፤ የሕንፃው ገጽ ከዚያ በኋላ ተስተካክሏል። እሱ ከወደቀ በኋላ ያስተካከለው ሰው አለ ማለት ነው።

በስልኩ ላይ ሌላም ገጽ ተከፍቶ ነበር፤ የአንድ ትልቅ ኩባንያ ነው። እሱንም አዳመጠች። ስታበቃ ማዳመጫውን ቀስ ብላ አወለቀች፤ የሰማችውንም ለሻለቃው አልነገረችውም።

ሸሪኩ ቀጭን፣ ጥፍሩን የሚበላ ሰው ነው። ከጋሽ ቀላሉ ጋር በአንድ ዴስክ የተማሩ የልጅነት ጓደኛሞች ናቸው። ሥዕልና ድምፅ የሚለያዩበትን ነገር ስታስረዳው ፊቱ ነጣ። እያንዳንዱ ሥዕል ሥር የተደበቀ መግለጫ እንዳለ ያውቃል፤ የማያዩ ሰዎች ስልካቸው የሚያነብላቸው እሱን ነው። ጋሽ ቀላሉ በዚህ ነገር አለቅጥ ግትር ነበር፤ ለምን እንደሆነ ጠይቆት አያውቅም።

ስለ ዓይኑ ስትነግረው ግን አላመናትም። «እህ፣ ንድፎቼን ያልመለሰልኝ... እኔ እኮ ንቆኛል ብዬ ነው። ስንት ጊዜ በወረቀት እየሣልኩ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። አንዴ እንኳ ይሄ ጥሩ ነው አላለኝም። ተቀይሜው ሌላ ቦታ ሥራ ጠየቅሁ።»

«እሱ ያውቅ ነበር?»

«ዛሬ ጠዋት መጥቶ፣ ከሰዓት በኋላ ሁላችንም እንሰብሰብ አለ። ከመሃላችን የሚናገረው ነገር ያለው ሰው አለ፣ እሱ ራሱ ይናገራል አለ። እኔን የሚል መስሎኝ ነበር።»

ሻለቃው በሩ ላይ ቆሞ ይህን ሰምቶ ነበር። ሸሪኩ እንደወጣ ወደ መርማሪዋ ጠጋ ብሎ የተደበቀ ጽሑፍ የሚነካ ኮድ የሚያውቅ ብቻ እንደሆነ፣ ኮድ የሚያውቅም አሁን በሕይወት ያለው እሱ ብቻ እንደሆነ፣ ዘበኛውን ትቶ እሱን ቢይዝ እንደሚሻል ነገራት። መርማሪዋ አልተከራከረችውም። «ታች ወርጄ አበባ ልግዛ» አለች።

የአበባ ሻጯ ምድር ቤት ናት፤ ሱቋ የጓሮ በር አለው። አበባ የምትከረክመው እዚያ ጓሮ ውስጥ፣ በአራት ፎቅ መስኮቶች ሥር ነው። ዓይኗ ቀልቶ ያበጠ ነው፣ አፏ ግን አላረፈም። ጋሽ ቀላሉ በየቀኑ ከምሳ በፊት በሊፍት እየወረደ አንድ ዘንግ አበባ ይገዛት እንደነበር፣ ዛሬም እሷ ጋ ሊመጣ ሲል እንደሞተ ተናገረች።

«ስንት ጊዜ በዓይኔ ጠቅሼዋለሁ መሰለሽ የኔ እናት። ምንም። ድንጋይ። ወይ መነኩሴ ነው ወይ እኔ አርጅቻለሁ አልኩ። አንዴ ነጭ ጽጌረዳ ሰጥቼው፣ ቀይሽ እንዴት ያምራል አለኝ። ቀልዱ ነው ብዬ ሳቅሁ። እሱም ሳቀ።» መቀሱን አስቀመጠች። «ለካ አያይም ኖሯል። አሁን ነው የገባሽ አትበይኝ።»

«አላልኩም» አለች መርማሪዋ። «ዛሬ እዚህ ተቀምጠሽ የሰማሽው ነገር አለ?»

«ከውድቀቱ በቀር? አይ። ያው የድምፅ ማጉያው ነው፤ ሊፍቱ ተጠግኗል አለ። ደስ ብሎኝ ዕቃ ልጭንበት ብወጣ ስክሪኑ ቀይ ነው። ተመልሼ ገባሁ። ከዚያ ያ ድምፅ መጣ... ጉድጓዱ ውስጥ። ሰው ሁሉ ሲሯሯጥ ደግሞ ማጉያው ተበላሽቷል፣ በደረጃ ተጠቀሙ አለ። ምን ዓይነት ጠጋኝ ነው አልኩ፣ እንደ ደመና የሚለዋወጥ።»

መርማሪዋ አንገቷን ቀና አድርጋ መስኮቶቹን አየች። በጓሮው በኩል ክፍት የነበረ አንድ መስኮት ብቻ ነው፤ አራተኛው ፎቅ፣ ከማስተማሪያው ክፍል። ስታልፍ ዘበኛውን ሕንፃው የድምፅ ማጉያ እንዳለው ጠየቀችው። ለሊፍቱ መቆለፊያ መግዣ ያጣ ባለቤት ማጉያ ከየት ያመጣል አላት።

እህትየው በማስተማሪያው ክፍል ነበረች። ቀደም ሲል ልብስ ሰፊ ነበረች፤ አሁን ሰሌዳን ለደንበኞች የምታስተምረው እሷ ናት። ቆንጆ ናት፣ ንግግሯ ጣፋጭ ነው፤ ብዙ ደንበኞች መሣሪያውን የሠራችው እሷ ትመስላቸው ነበር። ሁልጊዜ ከወንድሟ ጋር ክንድ ለክንድ ተያይዘው ሲወጡና ሲገቡ የሕንፃው ሰው «እንዲህ ያለ የእህትና ወንድም ፍቅር» እያለ ያደንቅ ነበር። መርማሪዋን ስታይ ተነስታ አቀፈቻት።

ዛሬ ምን እንደሠራች ሳትጠየቅ ተናገረች። ጠዋት የወንድሟ ማዳመጫ ስለተበላሸበት የራሷን ሰጠችው። ከዚያ የቀጠረችው ደንበኛ ቀርቶ ረፋዱን ሙሉ እዚህ ክፍል ብቻዋን ነበረች፤ በሩን ዘግታ፣ ማንም ሳይገባ፣ እስከ ጩኸቱ ድረስ። ሊፍቱ በር ላይ ወንበር አላየችም። ዘበኛው አርጅቷል፤ ባይከሰስ ደስ ይላት ነበር፣ ግን እውነት እውነት ነው።

«ዓይኑ እንዴት ነበር?» አለች መርማሪዋ።

እህትየው ሳታመነታ መለሰች። «ዓይኑማ ደህና ነበር እህቴ። ከእኔ ይልቅ ያያል።»

መርማሪዋ እጇን ያዘቻትና አጽናናቻት። ያን ጊዜ ነው በእህትየው ትከሻ ላይ የተንጠለጠለውን ቦርሳ ከቅርብ ያየችው። ማንጠልጠያው ተበጥሶ በሐምራዊ ክር ተሰፍቷል፤ መጨረሻው ላይ ትንሽ፣ ጥብቅ ቋጠሮ።

ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስታዘነብል ሁሉም በማስተማሪያው ክፍል ተሰበሰቡ። ጋሽ ቀላሉ ሊጠራው የነበረው ስብሰባ በእሱ ፋንታ በመርማሪዋ ተጠራ። ዘበኛው ባርኔጣውን ይዞ በሩ አጠገብ፣ ሸሪኩ ጥግ ላይ፣ አበባ ሻጯ መስኮቱ ጋ፣ እህትየው ፊት ለፊት። ወንበሮቹ አንድ ዓይነት ናቸው፣ በረድፍ ተደርድረዋል። መርማሪዋ ቆማ ጀመረች።

«ኮድ አላውቅም» አለች። «ዛሬ ሻለቃው ይህን ነገር የሚሠራ ኮድ አዋቂ ብቻ ነው ብሎኛል። እስቲ እንይ።»

የክፍሉን ኮምፒውተር ከፍታ የሕንፃውን ገጽ በሰሌዳ አወጣች። ቀዩን ሥዕል ነካች። ከሥሩ አንድ ሳጥን ተከፈተ፤ በላዩ ላይ «ለማያይ ሰው ንገር» ይላል። በውስጡ የነበረውን አጠፋችና በሁለት ጣት እየለቀመች «ሊፍቱ ተጠግኗል። እንደ ወትሮው ተጠቀሙ» ብላ ጻፈች። ሥዕሉ አልተለወጠም፤ ቀይ እንደሆነ ነው። «አትም» የሚለውን ልትጫን ስትል አልሠራም።

«ለምን አይሠራም?» አለች ወደ ሸሪኩ ዞራ።

«ካላዳመጥሽው አያትምልሽም» አለ ሸሪኩ። «የሱ ሕግ ነው። የጻፍሽውን ራስሽ በጆሮሽ መስማት አለብሽ። ደንበኞች ለአንድ ዳቦ ሥዕል ይህ ሁሉ መሐላ እያሉ ያማርሩት ነበር።»

መርማሪዋ የጆሮ ምልክት ያለበትን ነካች። ቀጭኑ የሴት ድምፅ ክፍሉን ሞላው፤ በተከፈተው መስኮትም ወደ ጓሮው ወጣ። አበባ ሻጯ ከወንበሯ ተነሳች። «ማጉያው» አለች። «የሰማሁት ይኼው ነው። ይቺው ሴትዮ።»

መርማሪዋ የዘበኛውን ጽሑፍ መልሳ አስገባች፤ ከዚያ ኮምፒውተሩን ትታ ወደ እነሱ ዞረች።

«ሟቹ አያይም ነበር። ቀስ በቀስ ነው የጠፋበት፤ ድረ ገጽ ሠሪ ዓይን ከሌለው ሥራ አይሰጠኝም ብሎ ፈርቶ ደበቀው። ከክፍሉ ሳይወጣ በፊት ሁልጊዜ የሕንፃውን ገጽ ያዳምጣል። ስለዚህ ገዳዩ ሁላችንም የምናየውን መንካት አላስፈለገውም። አንድ ሰው ብቻ የሚሰማውን ለወጠ። መቶ ሰው ቢያልፍ መቶውም ቀይ ያያል፤ የሚወድቀው እሱ ብቻ ነው። እንግዲህ ጥያቄው ኮድ የሚያውቅ ማን ነው አይደለም። ዓይኑን የሚያውቅ ማን ነው።»

ዘበኛው ባርኔጣውን ማገላበጥ አቆመ።

«አባባ አያውቁም ነበር። ለዓይነ ስውር ሰው በአንገት ሰላም ብለው፣ አልመለሰልኝም ብለው ተቀይመዋል። ሸሪኩ አያውቅም ነበር። ለማያይ ሰው ወረቀት ሣለ፤ ቂሙም እንደ ወረቀቱ ተከመረ። አበባ ሻጯም አታውቅም፤ እሷ...»

«እሱን ተዪው» አለች አበባ ሻጯ እንባዋን እየጠረገች።

«ሦስቱም ባለማወቅ በደሉት። የምታውቅ አንዲት ሰው ነበረች። ጠዋት ነጩን ሸሚዝ ከሰማያዊው በጣቱ እንዲለይ ኮሌታው ውስጥ ቋጠሮ የምትሰፋለት። ክንዱን ይዛ የምትመራው። እኔ ስጠይቃት ግን ከእኔ ይልቅ ያያል አለችኝ።»

ሁሉም ወደ እህትየው ዞረ። እሷ ቦርሳዋን እቅፏ ውስጥ ሳበችው።

«መስፋት ወንጀል ነው?» አለች።

«አይደለም። በዚህ ጉዳይ ውስጥ ያየሁት ብቸኛ ፍቅር እሱ ነው። የዋሸሽበት ግን ለምን ነው? ማዳመጫሽን ጠዋት ሰጠሽው። ደግ ሥራ ነበር፤ አንቺው ነገርሽኝ። ስለዚህ ያን ጽሑፍ ለማተም ስትሞክሪ ሰሌዳ አዳምጪ ሲልሽ በጆሮሽ ብቻ መስማት አልቻልሽም፤ ጮክ ብሎ ተነበበ። ጓሮው ውስጥ ሰው እንዳለ አላሰብሽም። ከወደቀም በኋላ መልሰሽ ስታስተካክዪ እንደገና ተነበበ። ጓሮውን የሚያይ የተከፈተ መስኮት ያለው ይህ ክፍል ብቻ ነው። እዚህ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ፣ ማንም አልገባም ያልሽው አንቺ ነሽ።»

«ወንበር አልነበረም» አለች እህትየው። ድምፏ ተለውጦ ነበር። «ዘበኛው ወንበር ቢያደርግ ኖሮ...»

«አባባ፣ የትኛውን ወንበር ነው የወሰዱት?»

ዘበኛው በረድፉ መሃል ሄደ። እያንዳንዱን ወንበር ጎንበስ ብሎ አየ። እህትየው ከተቀመጠችበት ጎን ያለው ጋ ሲደርስ ተንበረከከ። በወንበሩ እግር ላይ የቀይ ላስቲክ ቁራጭ ተቋጥሮ ቀርቷል፤ ሰው በችኮላ ሲበጥሰው ቋጠሮው አልለቀቀም ነበር።

«እኔ ሳስር አጥብቄ ነው የማስረው» አለ። ቁራጩን አልነካውም። እዚያው እንደተንበረከከ ቀና ብሎ አያት። «እሺ እሱስ ወንድምሽ ነው፤ እኔን ምን አድርጌሽ ነው ልጄ?»

ፊቷን ከእሱ አዞረች።

ሻለቃው ለምን እንዳደረገችው ሊጠይቅ ሲል መርማሪዋ የሟቹን ስልክ አወጣች። ማዳመጫውን ነቀለችና ጣቷን በሌላኛው ገጽ ላይ አሳረፈች። ቀጭኑ ድምፅ አነበበ፤ «ሥዕል። አንዲት ሴት መድረክ ላይ ቆማ ሽልማት ስትቀበል። የሰሌዳ ፈጣሪ።»

«ኩባንያው የለጠፈው ፎቶ ነው» አለች መርማሪዋ። «ወንድሜ ፎቶ አያይም ብለሽ ተማመንሽ። ግን ከሥዕሉ ሥር አንድ የማታውቂው የኩባንያው ሠራተኛ፣ ለማያይ ሰው ነግሮታል።»

ሸሪኩ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። መጨረሻ ላይ የተናገረችው እህትየው ናት፤ ለማንም ሳይሆን ለቦርሳዋ እንደምትናገር ሆና።

«መጀመሪያ ለእኔ ነው የሠራው። የልብስ ስፌት ገጼ ላይ አድራሻዬን መለወጥ አቅቶኝ ሳለቅስ ሰምቶ። ከዚያ እሱ መጋረጃ ዘግቶ ተቀመጠ፣ እኔን ፊት አቆመኝ። ሰው ሁሉ አመሰገነኝ። እኔ አይደለሁም ብል እሱን ፈልገው ይመጣሉ፣ ዓይነ ስውር እንደሆነም ይታወቃል፤ ስለዚህ እኔ ነኝ አልኩ። ብዙ ጊዜ እኔ ነኝ አልኩ። በኋላ እውነት መሰለኝ።»

«ጠዋት ምን አለሽ?» አለች መርማሪዋ።

«አልጮኸብኝም። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። እኔም ስለ ዓይኔ እነግራቸዋለሁ፣ አንቺም የአንቺን ንገሪያቸው፣ አብረን እንገላገል አለኝ።» እንባዋ ያን ጊዜ መጣ። «ቀላል ነው አለኝ።»

ፖሊሶቹ በደረጃው ይዘዋት ወረዱ። ሹራቧ ወንበሩ ላይ ቀረ፤ ያነሳው አልነበረም።

ቀብሩ ካለፈ በኋላ አንድ ቀን መርማሪዋ ለሊፍቱ ጉዳይ የቀረ ነገር ልትጨርስ ወደ ሕንፃው ተመለሰች። ዘበኛው በዘበኛ ቤቱ ውስጥ ከኮምፒውተሩ ፊት መነጽሩን አድርጎ ተቀምጧል። አበባ ሻጯ በትከሻው ላይ አዘንብላ ታየዋለች። የጋሽ ቀላሉን ፎቶ በሕንፃው ገጽ ላይ ሊያወጡ ነው፤ ደንበኞቹ እየመጡ ስለሚጠይቁ። ፎቶው ተቀምጧል። ከሥሩ ሳጥኑ ተከፍቶ ይጠብቃል።

«ስሙን ብቻ ጻፍና አትም» አለችው አበባ ሻጯ። «ፊደል ስትፈልግ ሊመሽብን ነው።»

«ዝም በይ። ለማያይ ሰው ነው የምነግረው።»

በአንድ ጣቱ ቀጠለ። መርማሪዋ ቆማ ጠበቀች። ሲጨርስ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፤ ከዚያ የጆሮውን ምልክት ነካ። ቀጭኑ ድምፅ፣ ያው ድምፅ፣ ከዘበኛ ቤቱ ወጥቶ እስከ ደረጃው ተሰማ።

«ሥዕል። ሰማያዊ ሸሚዝ የለበሰ ሰው። ትንሽ ፈገግ ብሏል። ሰላም ስንለው ያልመለሰልን ኮርቶ አልነበረም። እኛ ነን ያላየነው።»

ዘበኛው አንዴ ብቻ አላዳመጠውም፤ ደገመው። ከዚያ «አትም» የሚለውን ተጫነ።